አምስተኛውና ስድስተኛው ፎቅ መሀል

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስሞክር የመጀመሪያዬ አይደለም። በጀመርኩት ቁጥር ራሴን ደህና ሰው አድርጌ አገኘዋለሁ፤ ያኔ እተወዋለሁ። አሁን ግን እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ራሔል እባላለሁ። ነገሩ ሲደርስብኝ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የኢቨንት ድርጅት ውስጥ ዝግጅት እነድፍ ነበር። ሰርግም ይሁን ምርቃት፣ የሠራተኞች ቀንም ይሁን፣ ማን በየት በር እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚጨበጨብ፣ መብራቱ መቼ እንደሚደበዝዝ በደቂቃ ከፋፍዬ ወረቀት ላይ የማወርደው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ። ሰው የቱ ጋ እንባው እንደሚመጣ ቀድሜ አውቃለሁ፤ እዚያ ላይ ሙዚቃ አስገባለሁ።

አንድ ቀን ካዛንቺስ ያለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጠራን። ስሙን አልናገርም፤ ለዚህ ታሪክም አያስፈልግም። የኮሙኒኬሽን ኃላፊዋ ወይዘሮ ሠናይት ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሴት ናቸው።

«ስሚ ራሒ፣» አሉኝ፤ «በየዓመቱ ትልቅ ቼክ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። በቃ ሰለቸን። ዘንድሮ ሠራተኛው ራሱ በእጁ የሚሠራው ነገር ይሁን። ሃንድስ ኦን። በጠና ከታመሙ ሕፃናት ጋር። ሰው ከዚያ ሲወጣ ልቡ ተነክቶ መውጣት አለበት።»

ልብ መንካት ሥራዬ ነው። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ ነደፍኩት። አንድ ሠራተኛ ከአንድ ልጅ ጋር ይጣመራል፤ አብረው ትንሽ የእንጨት ቤት ይገጥማሉ፣ ይቀባሉ፣ በሩ ላይ የልጁን ስም ይጽፋሉ። በመጨረሻ ቤቶቹ መድረክ ላይ ተደርድረው አንድ ሰፈር ይሆናሉ፤ የአዳራሹ መብራት ይጠፋና በየቤቱ ውስጥ ትንንሽ አምፖል ይበራል። እዚያ ላይ ሙዚቃ። «እጅ ለእጅ» ብዬ ሰየምኩት። የሽርጡን ቀለም ሳይቀር መርጫለሁ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን አንድም የታመመ ልጅ በዓይኔ አላየሁም። ቡልጋሪያ አካባቢ፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ልጆች ከአስታማሚያቸው ጋር የሚያርፉበት ማደሪያ አለ፤ ከእነሱ ጋር የምነጋገረው በስልክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሆስፒታልም ሆነ የታመመ ሰው ቤት መሄድ አልወድም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ዕቅዱን ለአለቆች የማቀርብበት ሳምንት ወይዘሮ ሠናይት ደወሉ።

«አለቆቹ በወረቀት አይገባቸውም። አንድ ልጅ አምጪና እዚሁ ቢሮ ስትሠራ ይዩዋት። ከማደሪያው ተቀብለሽ የላክሽልኝን ፎቶዎች አይቻለሁ፤ ያቺን ዓይኗ ትልልቅ የሆነችውን አምጪልኝ።»

ዓይኗ ትልልቅ የሆነችው ነኢማ ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ፤ የደም ካንሰር። ከአባቷ ጋር ከኮምቦልቻ ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። አባቷ ጋሽ ሰይድ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ማሽናቸውን ለወንድማቸው ትተው እሷን ሊያስታምሙ መጥተዋል።

ሐሙስ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ማደሪያው ሄድኩ። የማደሪያው ነርስ ሲስተር አልማዝ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ነኢማን ነው የምትወስጂው? ባይሆን ይሻላል። ኬሞ ከወሰደች ገና ሳምንቷ ነው፤ ደሟ ዝቅ ብሏል፤ በሽታ መቋቋም አትችልም። ሌላ ልጅ ውሰጂ፤ ወይ ሳምንት አቆዪው።»

ሳምንት ማቆየት አልችልም። ስብሰባው ዛሬ ነው። «ሲስተር፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ማስክ እናደርግላታለን። በታክሲ ወስጄ በታክሲ እመልሳታለሁ፣ ማለቴ፣ ሰው አይነካካትም።»

ሲስተር ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ። እኔ የኩባንያውን ስም ጠራሁ። እንዲህ ያለ ድርጅት ለማደሪያው ብዙ ሊያደርግ እንደሚችል ተናገርኩ። ውሸት አልነበረም። ግን ሰውየው እምቢ እንዳይሉኝ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ነኢማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። «ዛሬ አልሄድም፣» አለች፤ ለአባቷም ለእኔም ሳይሆን ለግድግዳው።

«ቀለም እኮ አለ!» አልኳት። «ሮዝ አለ፣ ሰማያዊ አለ...»

አባቷ ጫማዋን አጠለቁላት።

የኩባንያው ሕንፃ ባለ አሥር ፎቅ ነው። የስብሰባው ክፍል ስምንተኛ ላይ ነበር። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ወደ ኋላ አሉ።

«እኔ እዚች ሳጥን ውስጥ አልገባም፣ እህቴ። በደረጃ እመጣለሁ። እሷ ግን ደረጃ አትችልም፤ አንቺ ይዘሻት ውጪ።»

«አብሽሪ፤ ቀድሜሽ ባልደርስ!» አሏትና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ነኢማ ፈገግ አለች፤ ያን ቀን ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ነው። የናሙና ካርቶኔን አቅፌ ገባሁ፤ እሷም ገባች። ስምንትን ተጫንኩ።

ከአምስተኛው ፎቅ እንዳለፍን መብራት ጠፋ። ሊፍቱ ተንገጫግጮ ቆመ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚደነግጥ ማን ነው? ጄኔሬተሩ ይነሳል አልኩ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ነኢማ ጥጉ ላይ ተለጥፋ ታየኛለች፤ ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ።

«አይዞሽ፣ አሁን ይመጣል።»

«እኔ ምንም አላልኩም፣» አለች።

የአደጋ ደወሉን ተጫንኩ፤ አይሠራም። ከሩቅ የጄኔሬተር ድምፅ ተሰማ። ከላያችን አንዲት ትንሽ አምፖል ብልጭ ብላ በራች፤ ሊፍቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሁሉንም ተጫንኩ። ለወይዘሮ ሠናይት ደወልኩ።

«ኧረ በስመአብ! የት ፎቅ ላይ ናችሁ? ቆዪ፣ ቴክኒሻኑ ይጠራል። ልጅቷ ደህና ናት? አለቆቹ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው እኮ።»

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ቴክኒሻኑ ለገሃር ሌላ ሕንፃ ላይ ሥራ ላይ ነው፤ እየመጣ ነው ተባለ። ለገሃርና ካዛንቺስ ቅርብ ናቸው፤ ግን መንገዱ የተቆፈረበት ሰሞን ስለነበር ቅርብ የሚባል ነገር አልነበረም። ውስጡ እየሞቀ መጣ። አየር ማራገቢያው ቆሟል። ጃኬቴን አወለቅሁ።

ነኢማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ካርቶኑን ከፍቼ የእንጨት ዶቃዎቹን አወጣሁ፤ ለቤቶቹ ጌጥ ያሰብኳቸው ናቸው። «እስክንወጣ እንጫወት?»

አምስት ዶቃ መርጣ ወለሉ ላይ በተነች። ቅልብልቦሽ ነበር፤ አንዱን ወደ ላይ ወርውረሽ እሱ ሳይወድቅ ሌላውን ከመሬት ታነሺያለሽ። እኔም በልጅነቴ እጫወተው ነበር። እሷ ጎበዝ ናት። የእጇ ጀርባ ላይ የመርፌ ፕላስተር አለ፤ ቢሆንም ሦስቱን በአንድ ጊዜ ታፍሳለች። ተራዬ ሲደርስ ሁለተኛውን ሆን ብዬ ጣልኩት።

ዶቃውን ሳይሆን ፊቴን አየች።

«ሆን ብለሽ ነው።»

«ኧረ አይደለም።»

«ሆን ብለሽ ነው! ሁሉም ቲቸር እንደዚህ ነው የሚያደርጉት።» ማደሪያው የሚመጣን እንግዳ ሁሉ ቲቸር ነው የሚሉት። «ይመጣሉ፣ ያስቀድሙናል፣ ይሸነፉልናል። ከዚያ ያለቅሳሉ። አንዷ ቲቸር እኔን አቅፋ አለቀሰች፣ አለቀሰች... አንገቴ ራሰ። እኔ ምን ልበላት?»

በዕቅዴ ገጽ ሦስት ላይ «ሠራተኛውና ልጁ ይተቃቀፋሉ» የሚል ተጽፏል። ከጎኑ «ሙዚቃ» ይላል።

«እሺ። ከምር እንጫወት፣» አልኳት።

ከምር ተጫወትን። አንዴ አሸነፍኳት። በጣም ተናደደች። ደስ አላት ማለት ነው፤ ልጆች ከምር ተሸንፈው ሲናደዱ ደስ እንደሚላቸው ያኔ ነው ያወቅሁት። ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል ግን ዶቃው ከእጇ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ሽንቴ መጣ፣» አለች ቀስ ብላ።

ዙሪያውን አየሁ። አራት የብረት ግድግዳ። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ የቀለም ባልዲ ነበረች። ብሩሾቹን ገልብጬ አውጥቼ ሰጠኋት።

«ዙሪ።»

ዞርኩ። ቆይታ ጠራችኝ፤ ሱሪዋን በአንድ እጇ ማሰር አልቻለችም፤ የመርፌው ቦታ አሟታል። ተንበርክኬ አሰርኩላት። ከዚያ ቀን በፊት አንድም የታመመ ሰው ነክቼ አላውቅም ነበር። ወገቧ በሁለት እጄ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ከዚህ በኋላ ባልዲዋ ለሽንት ብቻ አልሆነችም፤ ብዙም ሳይቆይ ማስኳን አውልቃ አስመለሰች። ግንባሯን ያዝኩላት። እጄ ስር ግንባሯ ይፋጃል።

ሙቀቱ ነው አልኩ ለራሴ። የእኔም ግንባር እንደዚያው ነው አልኩ። ግንባሬን ነካሁት። እንደዚያ አልነበረም።

ሲስተር አልማዝ ጋ ደወልኩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«ትኩሳት ካላት ሆስፒታል መግባት አለባት። ቶሎ። ደሟ ዝቅ ባለ ጊዜ ትኩሳት ቀልድ አይደለም። ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?»

«አላውቅም፣ ሲስተር።»

«ውሃ ስጫት፤ ልብሷን አቅልይላት፤ እኔ ለሐኪሟ እደውላለሁ፣» ብለው ዘጉ። ውሃ አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ነው መታፈን የጀመረኝ። በሩን በመዳፌ መደብደብ፣ መጮህ ጀመርኩ። ሊፍቱ ብቻ አልነበረም የያዘኝ። ጠዋት «አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ያልኩት ነው የያዘኝ። ወደ ኋላ እየሄድኩ የቱ ጋ ብመልሰው ኖሮ እላለሁ፤ በር ላይ፣ ታክሲው ውስጥ፣ ጫማዋን ሲያጠልቁላት... በየቦታው መውጫ ነበረ። አሁን አንድም የለም።

«አትጩሂ፣» አለች ነኢማ። «ራሴን ያመኛል።»

ጩኸቴ ግን ሰው አምጥቶ ነበር። ከላይ የብረት ድምፅ ተሰማ። የሕንፃው ጥበቃ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ በብረት ዘንግ የስድስተኛውን ፎቅ በር ፈልቅቀው ከፈቱት። እኔም የሊፍቱን በር ከውስጥ ገፋሁት። ፊት ለፊታችን ጥሬ ሲሚንቶ ነው፤ ከላይ ግን፣ ጣሪያው ስር፣ ሁለት ስንዝር የምትሆን ክፍተት ታየች። በእሷ በኩል የቀን ብርሃንና የጋሽ ሰይድ ፊት። ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል።

«ነኢማ! የኔ ልጅ! አለሁ፤ አብሽሪ!»

«አባ...» አለች። ከዚያ በፊት አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች።

ውሃ አቀበሉን። አጠጣኋት፤ ፊቷን አጠብኩላት። የአባቷን እጅ መያዝ ፈለገች፤ አይደርስም። ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ሁለት እጇን ዘርግታ እጃቸውን ያዘች። ያን ያህል ቀላል ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቢሆንም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከበደችኝ። አላወረድኳትም።

ጋሽ ሰይድ እጇን እየዳሰሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሳት ሆናለች እኮ! እህቴ፣ ይቺ ልጅ እሳት ሆናለች!»

«አውቃለሁ ጋሽ ሰይድ...»

«ታውቂያለሽ? ታውቂያለሽና...» ንግግራቸውን ዋጡት። ጥበቃውን ቀና ብለው አዩ። «በዚህ ትወጣለች። ቀጭን ናት። ጎትተን እናውጣት።»

ጥበቃው ቴክኒሻኑን በስልክ ይዘውታል። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማን አደረጉት።

«ማንም እንዳያወጣት!» ይላል ቴክኒሻኑ፤ ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። «መብራት ቢመጣ ሊፍቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። እኔ መጥቼ ሳልቆልፈው ማንም በክፍተቱ እንዳይወጣ! ሃያ ደቂቃ ስጡኝ።»

«ሃያ ደቂቃ ካለ አንድ ሰዓት ነው፣» አሉ ጥበቃው። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚለው። እኔ ባለፈው ሁለት ሰው በዚሁ አውጥቻለሁ። ምንም አልሆኑም።»

«ስጪኝ፣» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ሁለት እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አስገቡ። «በአላህ ስጪኝ። ልጄን ስጪኝ!»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ነው በጻፍኩት ቁጥር የምዋሸው። ቴክኒሻኑ ያለውን ሰምቻለሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። ግን ልጅቷ ከእኔ እጅ እንድትወጣ ፈለግሁ። ብትሞት እኔ ጋ እንዳትሞት። ከእኔ ወጥታ አባቷ ጋ ትሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የእኔ አይሆንም። ያሰብኩት ይህንን ነው። ከትከሻዬ አንስቼ ብብቷን ይዤ ወደ ክፍተቱ ገፋኋት።

ጭንቅላቷና አንድ እጇ ክፍተቱ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ነኢማ በሌላ እጇ ፀጉሬን ጨበጠች።

«አልወጣም!»

«ነይ የኔ ልጅ!» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ለእኔ ደግሞ፣ «ያዣት፣ ግፊያት...»

«አልወጣም! እፈራለሁ! አልወጣም አልኩ እኮ! ቲቸር አውርጂኝ!»

ፀጉሬን ከሥሩ ልትነቅለው ደረሰች። እግሯን ደረቴ ላይ አንፈራገጠች። አሳዘነችኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን የፀጉሬ ሕመም ነው ያወረዳት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ እጄ ዝሎ፣ ወደ ታች ሳብኳትና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረገፍን።

መብራት መጣ።

ሊፍቱ አንዴ ወደ ላይ ዘለለ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ። ስንት እንደወረደ አላውቅም፤ አንድ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ በላይ ይሁን። ከላያችን ያቺ የብርሃን ክፍተት ጠበበች፣ መስመር ሆነች፣ ጠፋች። የብረት ጩኸት፣ ከዚያ ዝም። አምፖሏም ጠፋች፤ የስልኬ ብርሃን ብቻ ቀረ።

ከላይ የጋሽ ሰይድ ጩኸት መጣ። ሰው እንደዚያ ሲጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ቃል አልነበረበትም። እጃቸውን ለጥቂት አትርፈዋል፤ ግን ባዶ ነው፤ ልጃቸው የት እንዳለች አያዩም። ክፍተቱ ውስጥ የቀረች መስሏቸዋል።

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ሰይድ፣ አለች! እዚህ ናት! እኔ ጋ ናት!»

አይሰሙኝም። ነኢማ ናት ያሰማቻቸው። በዚያ በደከመ ጉሮሮዋ «አባ! አባ! እዚህ ነኝ!» አለች። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ከላይ ያለው ጩኸት ተቋረጠ፤ ከዚያ አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅ ሰማን።

ቴክኒሻኑ እስኪመጣ ሌላ አርባ ደቂቃ ፈጀ። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ምንም አልተጫወትንም፤ ብዙም አላወራንም። ጭኔ ላይ ተኛች። ብርድ ብርድ አላት፤ ጃኬቴን አለበስኳት። እጇን ያዝኩ። ስለራሴ ይህን ብቻ በደስታ እናገራለሁ፤ እጄን የት እንደማደርገው አልጠፋኝም።

አንዴ ዓይኗን ገልጣ «ተቆጣሽ?» አለችኝ።

«በምን?»

«ፀጉርሽን ስለያዝኩት።»

«አልተቆጣሁም፣» አልኳት። እሷ ላይ ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ፊቴን ወደ ብረቱ አዙሬ ጥርሴን ነከስኩ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሊፍቱን በእጅ እያንቀሳቀሱ አምስተኛው ፎቅ ላይ አወረዱን። በሩ ሲከፈት ብዙ ሰው ቆሟል፤ ወይዘሮ ሠናይትም ከአለቆቹ ጋር አሉ። አንድ ሰው ስልኩን ቀና አድርጎ ይቀርጻል። ጋሽ ሰይድ ሕዝቡን ገፍተው ገቡ፤ ልጃቸውን ከጭኔ ላይ አነሱ። እኔን አላዩኝም። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። አቅፈዋት አምስቱን ፎቅ በደረጃ ወረዱ። እኔ ባልዲዋን ይዤ ተከተልኳቸው። ለምን ባልዲዋን እንደያዝኩ አላውቅም።

ነኢማ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ኢንፌክሽን ነበር። ከሊፍቱ ይሁን፣ ከመንገዱ ይሁን፣ ቀድሞም ጀምሯት ይሁን፣ ሐኪሙ አይታወቅም አሉ። እኔ ግን ያባከንኩባትን ሰዓት አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚያስፈሩ ነበሩ። በየቀኑ እሄድ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ አልገባም፤ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። ጋሽ ሰይድ በአጠገቤ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ አያናግሩኝም። ባያናግሩኝ ትክክል ናቸው። እዚያ መቆም ከብዶኝ ነበር፤ መሄድም አልቻልኩም። በሰባተኛው ቀን አጠገቤ ቆሙና ባዶ ፔርሙስ ሰጡኝ።

«ሙቅ ውሃ አምጪልን፣» አሉኝ።

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ የሠራሁት ሥራ የለም።

ነኢማ ከወጣች በኋላ ለወይዘሮ ሠናይት አዲስ ዕቅድ ወሰድኩላቸው። ግማሽ ገጽ ናት። መድረክ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ልጆቹ የትም አይሄዱም። ሠራተኞች አራት አራት ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ማደሪያው ይሄዳሉ፤ ሲስተር አልማዝ ያዘዟቸውን ይሠራሉ፤ አንሶላ ማጠብ ይሁን፣ የምርመራ ወረፋ መያዝ ይሁን። መጫወት የፈለገ ልጅ ካለ ይጫወታሉ፤ አይሸነፉለትም።

ወይዘሮ ሠናይት አንብበው ቀና አሉ። «ራሒ፣ ይሄ እኮ ኢቨንት አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም፣» አልኳቸው።

ሥራው ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። ቤቶቹ ተቀቡ፣ አምፖሎቹ በሩ፣ ዝግጅቱ ያምር ነበር አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እኔም ክፉ አልነበርኩም። ከኩባንያው ሁለት ሴቶች፣ ያን ቀን አምስተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ያዩን፣ በራሳቸው ጊዜ ደውለው ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። አሁንም ይመጣሉ። እኔም ሰርግ መንደፌን አልተውኩም፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰርግ አልይዝም።

ከብዙ ወራት በኋላ ሐኪሞቹ ነኢማ ቤቷ ሆና ለክትትል ብቻ እንድትመላለስ ፈቀዱላት። የሚሄዱበት ቀን ማደሪያው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ሻንጣ እያሰሩ ነበር። እንዳግዛቸው ገመዱን አቀበሉኝ። እንዲሁ እያሰርን ሳለ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ እኮ ስጪኝ ያልኩሽ።»

ገመዱን ለቀቅሁ።

«እስካሁን እጄ ውስጥ ይሰማኛል፣» አሉ። «የጣቷ ጫፍ። ይዣት ነበር። ጎትቼ ባመጣት ኖሮ...» አልጨረሱትም።

ለማንም ያልተናገርኩትን ያኔ ተናገርኩ። «ጋሽ ሰይድ፣ እኔም ልሰጥዎት ነበር። ይዤ ያስቀረኋት እኔ አይደለሁም። ገፍቻት ነበር።»

«አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።» የለቀቅሁትን ገመድ አንስተው መልሰው ሰጡኝ። «እኔ ጎተትኩ፣ አንቺ ገፋሽ። ልጅቷ እምቢ እያለች ነበር፤ ሁለታችንም አልሰማናትም።»

ከበሩ ነኢማ ብቅ አለች። ፀጉሯ ማደግ ጀምሯል፤ ሻሽ አላሰረችም። «አባ፣ መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው! ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ ስታስሪ ቀስ ትያለሽ፤ አምጪው እኔ ልሰረው።» ከእጄ ነጥቃ ቋጠረችው። ጠበቅ ያለ ቋጠሮ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ዝግጅት የምታሰናዱ፣ የምትፈቅዱ፣ ወይ ሽርጥ ታጥቃችሁ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ ሂዱ። ልጆቹ ቀኑ ይረዝምባቸዋል። የታመመ ልጅ ግን በቀን ስንት ጊዜ ያለ ፈቃዱ እንደሚያዝ አስቡ፤ ለመርፌ ይያዛል፣ ለምርመራ ይያዛል፣ ለመድኃኒት አፉን ክፈት ይባላል። ለእነዚያ እምቢ ማለት አይችልም። ለእናንተ ግን ይችላል። ስለዚህ ከወላጁና ከነርሷ በፊት እሱን ጠይቁት። «ዛሬ አልፈልግም» ካለ አትከራከሩት፤ ቀለምም አትቁጠሩለት። በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ውጡ። ነገ ተመልሳችሁ ጠይቁት።